የበረሃ ጽጌረዳ ከዱር ሳይነቀል ከጓሮ ይባዛ

በበጋው ወራት የቆላው መሬት ሲደርቅና በሐመርና በአካባቢው ያለው ቁጥቋጦ ቅጠሉን አራግፎ ግራጫ ሲመስል፣ በዐለት ስንጥቅና በኮረብታ ተዳፋት ላይ ደማቅ ሮዝ አበባ ያወጣ አንድ ተክል ጎልቶ ይታያል። በዚያ ወቅት ቅጠል የለውም፤ ግንዱም ከሥሩ እንደ ቅል ያበጠ ነው፤ አበባው ግን ከሩቅ ዓይን ይስባል። ይህ ተክል በተለምዶ የበረሃ ጽጌረዳ የሚባለው ነው። ስሙ ጽጌረዳ ይሁን እንጂ ከጽጌረዳ ጋር ዝምድና የለውም። የቅርብ ዘመዶቹ አርሶ አደሩ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃቸው አጋምና ጦቢያ ናቸው።

የበረሃ ጽጌረዳ በደቡብ ኦሞ ቆላማ ወረዳዎች፣ በቦረናና በሶማሌ ክልል በተፈጥሮ ይበቅላል። ከኢትዮጵያ ውጭም በሌሎች የአፍሪካ ደረቅ አካባቢዎችና በዐረቢያ ምድር ይገኛል። ሳይንሳዊ መጠሪያው አዴኒየም ሲሆን፣ ይህም ከየመኗ የወደብ ከተማ ከኤደን የተወሰደ ነው። ዛሬ ታይላንድ፣ ታይዋንና ሕንድን የመሳሰሉ አገሮች ይህን ተክል በሰፊው እያራቡ፣ ልዩ ልዩ የአበባ ቀለም ያላቸውን ዝርያዎች እያወጡ ለገበያ ያቀርባሉ። ተክሉ በተፈጥሮ በሚበቅልበት ቆላ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው ለምንም እንደማይጠቅም የበረሃ ቁጥቋጦ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው።

የከተማ ነዋሪዎች፣ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች በማሰሮና በሸክላ ውስጥ የሚቀመጡ፣ ውኃ ብዙ የማይጠይቁ የጌጥ ተክሎችን ይፈልጋሉ። ይህን ፍላጎት ለማሟላት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አካፋና ዶማ ይዞ ወደ ኮረብታ መውጣትና ዓመታት የፈጀበትን ተክል ከነሥሩ መንቀል ነው። ሁለተኛው ከአንድ እናት ተክል ላይ ጥቂት ቅርንጫፍ ቆርጦ በጓሮ ማራባት ነው። የመጀመሪያው ፈጣን ይመስላል፤ ነገር ግን ሀብቱን ከምንጩ ያደርቃል። ሁለተኛው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሀብቱን ግን ያበዛል። የወረዳ አመራሮች፣ የልማት ጣቢያ ሠራተኞችና የቆላው ነዋሪዎች ሁለተኛውን መንገድ ከወዲሁ ሊመርጡ ይገባል።

ከዱር መንቀል ለምን ኪሳራ እንደሆነ መረዳት አይከብድም። የበረሃ ጽጌረዳ በዝግታ የሚያድግ ተክል ነው። ከሥሩ ያበጠው ግንድ ውኃ የሚያጠራቅምበት ጎተራው ሲሆን፣ በዱር ያን ያህል ለመወፈር ረጅም ዓመታት ይፈጅበታል። በዐለት መካከል የተሰራጨው ሥሩ ሳይቆስል መውጣት አይችልም። የቆሰለ ሥር ወዲያው እርጥብ አፈር ውስጥ ሲገባ ደግሞ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከዱር ተነቅሎ ወደ ከተማ የሚሄድ ትልቅ ተክል ብዙ ጊዜ ገዢውንም ሻጩንም ሳይጠቅም ይሞታል። ኮረብታው አንድ ዘር ሰጪ ተክል አጥቷል፤ ገዢው ገንዘቡን አጥቷል፤ ሻጩም ቀጣይ ደንበኛ አጥቷል።

በቅርንጫፍ ማራባት ግን ለክልሉ አርሶ አደር እንግዳ ነገር አይደለም። ካሳቫ የሚተከለው በግንድ ቁራጭ ነው። ስኳር ድንች የሚባዛው በሐረጉ ቁራጭ ነው። ቅንጭብ ለአጥር የሚሆነው ቅርንጫፉ ተቆርጦ መሬት ላይ ስለሚተከል ነው። የበለስ ቅጠልም ተቆርጦ ጥቂት ቀን ከደረቀ በኋላ ሲተከል ይይዛል። የበረሃ ጽጌረዳ ባሕርይ ከካሳቫ ይልቅ ለበለስ ይቀርባል። ካሳቫ እንደተቆረጠ ቢተከል ችግር የለበትም፤ የበረሃ ጽጌረዳ ግን ቁስሉ ሳይደርቅ ከተተከለ ይበሰብሳል። ይህን አንድ ልዩነት የያዘ ሰው ሥራውን በግማሽ አውቆታል ማለት ይቻላል።

ሥራው የሚጀምረው እናት ተክሉን ከመምረጥ ነው። እናት ተክሉ ጤናማ፣ ግንዱ ጠንካራ፣ ከተባይ የጸዳና አበባው የሚያምር መሆን አለበት። ከቅርንጫፍ የሚገኘው ልጅ የእናቱን የአበባ ቀለም ሳይለውጥ ስለሚይዝ፣ ዛሬ የሚደረገው ምርጫ ነገ ገበያ ላይ የሚታይ ነው። አንድን ተክል ከልክ በላይ መቁረጥ አይገባም። ከቅርንጫፎቹ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው እንዲቀር ቢደረግ ተክሉ ቶሎ ያገግማል። እንዲያውም የተቆረጠው ቦታ ከጎኑ አዳዲስ ቀንበጦችን ስለሚያወጣ፣ በቀጣዩ ዓመት ቅርንጫፉና አበባው ይበዛል።

ለመቁረጥ ተስማሚው ጊዜ አየሩ ሞቃትና ደረቅ ሆኖ፣ አበባው ካለፈ በኋላ ተክሉ አዲስ ቅጠል ማውጣት ሲጀምር ነው። በዚህ ጊዜ ተክሉ የማደግ ኃይል አለው፤ ሙቀቱም ሥር ለማውጣት ይረዳዋል። በደቡብ ኦሞና በኮንሶ ዋናው ዝናብ በበልግ የሚጥል በመሆኑ፣ ሥራው ዝናቡ ከመክበዱ በፊት ቢጀመር መልካም ነው። ዝናቡ ከቀደመ ግን ቁራጮቹ ጣሪያ ባለው፣ ነገር ግን ብርሃንና ነፋስ በሚያገኝ ቦታ መቀመጥ ይኖርባቸዋል። በቀዝቃዛና ጭጋጋማ ወቅት የሚቆረጥ ቅርንጫፍ ሥር ከማውጣቱ በፊት የመበስበስ ዕድሉ ከፍተኛ ነው።

የሚቆረጠው ቅርንጫፍ ርዝመቱ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም አንድ ስንዝር ያህል ቢሆን ይመረጣል። ውፍረቱ ከሌባ ጣት ባያንስ፣ የአውራ ጣት ያህል ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው። በጣም ለስላሳና አረንጓዴ የሆነ ጫፍ ቶሎ ይጠወልጋል። የሚቆርጠው ቢላ ወይም መቀስ የተሳለና ንጹሕ መሆን አለበት። በአልኮል መጥረግ ወይም በእሳት አሙቆ ማቀዝቀዝ ይቻላል። የደነዘዘ ቢላ ግንዱን ስለሚጨፈልቀው ለበሽታ በር ይከፍታል። ከተቆረጠ በኋላ አብዛኞቹ ቅጠሎች ይነሳሉ፤ ጫፉ ላይ ሁለት ሦስት ቅጠል ቢቀር ይበቃል። ምክንያቱም ሥር የሌለው ቁራጭ በቅጠሉ የሚያጣውን ውኃ የሚተካበት መንገድ የለውም።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ደረጃ ብዙዎች በችኮላ የሚዘሉት ነው። የተቆረጠው ቦታ የሚያፈሰው ፈሳሽ በጨርቅ ወይም በወረቀት ተጠርጎ፣ ቁራጩ ጥላ ባለውና ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከ3 እስከ 7 ቀን ይቀመጣል። ወፍራም ቁራጭ ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። መሬት ላይ ከሚጣል በወንፊት፣ በሰሌን ወይም በደረቅ ሣር ላይ ቢዘረጋ ይሻላል። በተቆረጠው ቦታ ላይ ንጹሕ የከሰል ዱቄት መነስነስ እርጥበቱን ለመምጠጥ ያግዛል። ቁስሉ ደርቆ በእጅ ሲነካ ጠንካራ ቆዳ እንዳወጣ ሲታወቅ ቁራጩ ለመተከል ደርሷል። በእነዚህ ቀናት ግንዱ ትንሽ ቢሸበሸብ የሚያሳስብ አይደለም፤ ውስጡ ያጠራቀመው ውኃ አለውና።

አፈሩ ውኃ የማይቋጥር መሆን አለበት። ለዛፍ ችግኝ የሚዘጋጀው የተለመደ ድብልቅ ለዚህ ተክል ከብዶ ይገኛል። ሁለት እጅ የታጠበ ሻካራ የወንዝ አሸዋ ወይም ደቃቅ ጠጠር፣ አንድ እጅ ቀለል ያለ የጫካ አፈር ወይም በደንብ የበሰበሰ ኮምፖስት መቀላቀል በቂ ነው። ያልበሰበሰ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዋልካ አፈር ደግሞ ሲረጥብ ስለሚጨቀይና ሲደርቅ ስለሚሰነጠቅ ፈጽሞ አይመከርም። አሸዋው ጨዋማ ከሆነ ቦታ የመጣ ከሆነ በንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል።

ለመትከያ ውድ ዕቃ መግዛት አያስፈልግም። ግማሹ የተቆረጠ ጀሪካን፣ የዘይት ፕላስቲክ፣ የተሰነጠቀ ማሰሮ ወይም የችግኝ ፕላስቲክ ከረጢት ያገለግላል። ዋናው ነገር ከታች በቂ ቀዳዳ መኖሩ ነው። ቀዳዳ የሌለው ዕቃ የዚህ ተክል መቃብር ነው። ከታች ጥቂት ጠጠር ተደርጎ፣ አፈሩ ተሞልቶ፣ ቁራጩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ይገባል። እንዳይወዛወዝ ዙሪያው በእጅ ጠቅ ጠቅ ይደረጋል፤ ረጅም ከሆነም በቀጭን እንጨት ይደገፋል። የሚወዛወዝ ቁራጭ የሚያወጣው ለጋ ሥር ስለሚበጠስ በቶሎ አይዝም።

ውኃ አጠጣጡ ቁጥብ መሆን አለበት። ከተተከለ በኋላ ጥቂት ውኃ ይጠጣል፤ ቀጥሎም የላይኛው አፈር በጣት ሁለት አንጓ ያህል ወደ ውስጥ ሲነካ ደርቆ ሲገኝ ብቻ ነው የሚደገመው። በየቀኑ ማጠጣት ፍቅር ቢመስልም ተክሉን የሚገድለው እሱ ነው። ቦታው ብርሃን ያለው፣ ነገር ግን የቀትር ፀሐይ በቀጥታ የማያርፍበት ይሁን። የዳስ ጥላ ወይም የዛፍ ሥር ስስ ጥላ ይበቃል። ሥር ከያዘ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉ ፀሐይ ይወጣል፤ ያለ በቂ ፀሐይ የበረሃ ጽጌረዳ ይመነምናል፣ አያብብም።

ቁራጩ ሥር ለማውጣት እንደ ሙቀቱና እንደ ውፍረቱ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ሊፈጅበት ይችላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያሳስት ምልክት አለ። ቁራጩ በግንዱ ውስጥ ባጠራቀመው ውኃና ምግብ ብቻ፣ ሥር ሳያወጣ፣ አዲስ ቅጠል ሊያቆጠቁጥ ይችላል። ቅጠሉን ያየ ሰው «ይዟል» ብሎ ውኃ ካበዛበት ወይም ነቅሎ ካዘዋወረው ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ትክክለኛው ምልክት የግንዱ መጠንከር፣ ቅጠሉ ማደጉን መቀጠሉና ቁራጩ በቀስታ ሲሞከር አፈሩን የያዘ መሆኑ ነው። ከሁለት ወር በፊት ማዘዋወር አይመከርም።

ግንዱ ከታች እየለሰለሰና እየጠቆረ ከመጣ መበስበስ ጀምሯል። ይህ ሲሆን ወዲያው አውጥቶ፣ የጠቆረው ክፍል አልቆ ንጹሕ ሥጋው እስኪታይ ድረስ በንጹሕ ቢላ መቁረጥ፣ እንደገና ማድረቅና በአዲስ አፈር መትከል ነው። የበሰበሰበት አፈር ለሌላ ቁራጭ አያገለግልም። ሁሉም ቁራጭ እንደማይዝ ከመጀመሪያው ማወቅም ይገባል። አንድ ቤተሰብ አምስት ቁራጭ ተክሎ ሦስቱ ቢይዙለት ከኪሳራ አይቆጠርም፤ እነዚያ ሦስቱ በተራቸው እናት ተክል ይሆናሉና።

ከቅርንጫፍ የተባዛ ተክል አንድ ጉድለት እንዳለው ሳይደበቅ መነገር አለበት። ከዘር የበቀለ የበረሃ ጽጌረዳ ከሥሩ እንደ ቅል ያብጣል፤ ገዢዎች ብዙ ጊዜ የሚወዱትም ያንን ቅርጽ ነው። ከቅርንጫፍ የተገኘው ግን ሥሩና ግንዱ ዘግይቶ ይወፍራል፤ እንደ ዘር ልጁም ውብ ቅርጽ ላይኖረው ይችላል። በሌላ በኩል የአበባው ቀለም አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ብዙ ጊዜም ከዘር ልጅ ቀድሞ ያብባል። ስለዚህ የአበባ ቀለም ለሚፈልግ ቅርንጫፍ፣ የግንድ ቅርጽ ለሚፈልግ ዘር የተሻለ ነው። ጠንካራ አራቢ ሁለቱንም ጎን ለጎን ይይዛል።

ዘሩ እንደ ጥንድ ቀንድ በተጋጠመ ረጅም ፍሬ ውስጥ ይገኛል። ፍሬው ሲበስል ይሰነጠቅና በጫፍና በጫፉ ጸጉር ያለው ዘር በነፋስ ይበተናል። ዘሩን ለመሰብሰብ የሚፈልግ ሰው ፍሬው ከመሰንጠቁ በፊት በክር ወይም በስስ ጨርቅ ማሰር አለበት። አዲስ የተሰበሰበ ዘር በሞቃትና አሸዋማ አፈር ላይ ስስ አፈር ለብሶ ሲዘራ፣ በአንድ ሳምንት ገደማ ይበቅላል። የቆየ ዘር ግን የመብቀል ኃይሉ ይቀንሳል። ከዱር ዘር ሲሰበሰብም ሁሉንም ፍሬ ማራገፍ ሳይሆን አብዛኛውን ለኮረብታው መተው ተገቢ ነው።

የዚህ ተክል ሥራ አንድ ብርቱ ጥንቃቄ አለው፤ እሱም መርዛማነቱ ነው። የበረሃ ጽጌረዳ ፈሳሽ የልብን ምት የሚያዛባ ንጥረ ነገር አለው። በምሥራቅ አፍሪካ አንዳንድ ማኅበረሰቦች ዘንድ ለቀስት መርዝ ያገለግል እንደነበር የታወቀ ነው። ስለዚህ የሚቆርጥ ሰው ጓንት ወይም የፕላስቲክ ከረጢት በእጁ ያጥልቅ፤ ዓይኑንና አፉን አይንካ፤ ሲጨርስ እጁንና ቢላውን በሳሙና ይታጠብ። ለዚህ ሥራ የዋለ ቢላ ለምግብ ማዘጋጃ አይመለስ። ፈሳሹ ዓይን ውስጥ ከገባ በብዙ ንጹሕ ውኃ ማጠብና ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ከተክሉ የቀመሰ ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም መወሰድ አለበት።

ከብት ላለው ቤተሰብ ጥንቃቄው እጥፍ ነው። የተቆረጠ ቅጠልና ቅርንጫፍ ከመኖ ጋር ከተደባለቀ፣ ወይም ግጦሽ በጠፋበት ወቅት የተራበ ፍየል የሚደርስበት ቦታ ከተጣለ አደጋ ሊያስከትል ይችላል። የተረፈውን ቁራጭ በጉድጓድ መቅበር ይገባል። የችግኙ ቦታ ከበረት፣ ከመኖ ማስቀመጫና ከሕፃናት መጫወቻ ርቆ በእሾህ አጥር ይከለል። ችግኙን የሚሸጥ ሰውም ለገዢው ስለ መርዛማነቱ የመናገር ግዴታ እንዳለበት ሊያውቅ ይገባል። ይህን ደብቆ መሸጥ የአንድ ቀን ገንዘብ ያስገኝ ይሆናል፤ አንድ ልጅ ከተጎዳ ግን የሁሉንም አራቢ ገበያ ይዘጋል።

እንክብካቤው ከዚህ በኋላ ቀላል ነው። በበልግ ተክሉ ሲያድግ ውኃ ጨመር ይደረግለታል፤ ቅጠሉን ሲያራግፍ ግን ይቀንሳል። በለጋ ቅርንጫፍና በእምቡጥ ላይ ቢጫ ክሽክሽ፣ በቅጠል መጋጠሚያ ጥጥ መሰል ተባይ፣ በደረቅ ወቅትም ደቃቅ ቀይ ሸረሪት መሰል ተባይ ሊታይ ይችላል። ጥቂት ከሆነ በቀላል የሳሙና ውኃ ማጠብ ይበቃል። ብርድ ግን አይወድም። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች ሲወርድ ይጎዳል። በመሆኑም ወደ ደጋ ከተሞች የሚሄድ ተክል በብርዳማ ሌሊት ቤት ውስጥ፣ ቀን ፀሐይ በሚያገኝ መስኮት አጠገብ መቀመጥ እንዳለበት ለገዢው መነገር አለበት።

ወደ ገበያው ሲመጣ ከመጠን ያለፈ ተስፋ መስጠት አይገባም። የበረሃ ጽጌረዳ የቤተሰብን ቀለብ የሚተካ ሰብል አይደለም። ማሽላውን፣ በቆሎውንና ከብቱን ትቶ ወደዚህ የሚዞር አርሶ አደር ወይም አርብቶ አደር ሊኖር አይገባም። ይህ ተክል ጥቂት ቦታ፣ ጥቂት ውኃና ጥቂት ጉልበት ስለሚጠይቅ ከዋናው ሥራ ጎን የሚሄድ ተጨማሪ ገቢ ሊሆን ይችላል። በተለይ በጓሮ ለሚሠሩ ሴቶችና መሬት ለሌላቸው ወጣቶች የሚመች ነው። ገዢው ሳይታወቅ ሺህ ችግኝ ማፍላት ግን ብዙ ቦታ በሌሎች ችግኞች ላይ የታየውን ብክነት መድገም ይሆናል። በአርባ ምንጭ፣ በጂንካና በቱርሚ ያሉ ሆቴሎችና የእንግዳ ማረፊያዎች ስንት ተክል፣ በምን መጠንና በምን ዋጋ እንደሚወስዱ አስቀድሞ መጠየቅ የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት።

እዚህ ላይ የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ድርሻ ጉልህ ነው። በየዓመቱ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በርካታ ችግኝ ጣቢያዎች ሥራ ላይ ናቸው። በቆላማ ወረዳዎች በሚገኙ ጣቢያዎች አንድ መደብ ለአገር በቀል የቆላ ጌጥ ተክሎች ቢመደብ፣ የሚጠይቀው በጀት አነስተኛ ነው። ከሁሉ በፊት በሕጋዊ መንገድ የተገኙ፣ የታወቀ የአበባ ቀለም ያላቸው ጥቂት እናት ተክሎች ጣቢያው ውስጥ ሊተከሉ ይገባል። ከዚያ በኋላ ፈላጊ ቤተሰብ ቁራጩን የሚያገኘው ከጣቢያው እንጂ ከኮረብታው አይሆንም። እናት ተክል የሌለው ጣቢያ ሰዉን «ከዱር አትንቀል» ቢል ሰሚ አያገኝም፤ አማራጭ ሳያቀርቡ መከልከል ውጤት የለውምና።

ሥልጠናውም ስብሰባ አዳራሽ ውስጥ የሚያልቅ መሆን የለበትም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቀበሌው ሁለት ሦስት ፈቃደኛ ቤተሰቦችን ይዞ፣ መቁረጡን፣ ማድረቁንና መትከሉን በተግባር ቢያሳይ፣ ከሁለት ወር በኋላም ተመልሶ ስንት እንደያዘና ስንት እንደበሰበሰ ቢመዘግብ፣ ያ መዝገብ ለቀጣዩ ዓመት ከማንኛውም ጽሑፍ የበለጠ መምህር ይሆናል። በአንዱ ቀበሌ የሚስማማው አሸዋ በሌላው ላይስማማ ይችላል። የጂንካ ግብርና ምርምር ማዕከልና በአካባቢው ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች የተሻለውን የአፈር ድብልቅና የመቁረጫ ወቅት በማጥናት፣ ለወደፊቱም የከበሩ ቀለሞችን በዘር በበቀለ ወፍራም ግንድ ላይ የማዳቀል ሙያን በማስተማር ሊያግዙ ይችላሉ።

የሕጉም ጉዳይ ሊዘነጋ አይገባም። የዘረመል ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀት አርክቦትና የማኅበረሰብ መብቶችን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የአገሪቱ የዘረመል ሀብት ያለ ፈቃድ እንዳይወሰድ፣ ከሀብቱ የሚገኘው ጥቅምም ለማኅበረሰቡ እንዲደርስ ይደነግጋል። የአካባቢው ማኅበረሰብ በልማዱ የሚጠቀምበትንና እርስ በርሱ የሚለዋወጥበትን መብትም ያከብራል። በዚህ ረገድ ኃላፊነት የተሰጠው የኢትዮጵያ ብዝሀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ነው። በመሆኑም ማንም መጥቶ ዘር ወይም ቅርንጫፍ ሰብስቦ ወደ ውጭ አገር ልውሰድ ቢል፣ የቀበሌና የወረዳ አመራሮች ፈቃዱን መጠየቅና ማጣራት ይጠበቅባቸዋል። በመኪና ተጭኖ የሚሄድ ከነሥሩ የተነቀለ ተክልም ከየት እንደመጣ ሊጠየቅ ይገባል።

የቆላን ተክል ወደ ጓሮ ማምጣት በክልሉ አዲስ ታሪክ አይደለም። የኮንሶ አርሶ አደር ሽፈራውን በቤቱ ዙሪያና በእርከኑ ላይ ተክሎ፣ ቅጠሉን ምግቡ አድርጎ ከትውልድ ወደ ትውልድ አስተላልፏል። የዛፉ ባለቤትነት የታወቀና ጥቅሙ የሚታይ ስለሆነ ማንም ጠብቁ ሳይለው ይጠብቀዋል። የበረሃ ጽጌረዳ እንደ ሽፈራው ምግብ አይሆንም፤ መርሁ ግን አንድ ነው። ሰው በጓሮው ያለማውን፣ ልጆቹም ስሙን የሚያውቁትን ተክል በኮረብታው ላይ ሲያየው እንደ እናት ተክል ያየዋል፤ ለአንድ ቀን ሽያጭ ከነሥሩ አይነቅለውም።

ስለዚህ ሥራው በትንሹ ይጀመር። በቆላማ ወረዳዎች በእያንዳንዱ ችግኝ ጣቢያ ጥቂት እናት ተክል ይኑር፤ በየቀበሌው ጥቂት ቤተሰብ በተግባር ይማር፤ ገዢው አስቀድሞ ይታወቅ፤ ስለ መርዙ ሳይደበቅ ይነገር፤ ከዱር መንቀልም በጋራ ይከልከል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። በሚመጣው በጋ ኮረብታው እንደ ወትሮው ሮዝ አበባ ለብሶ፣ በጓሮም ከዚያው ተክል የተገኘ ችግኝ ለገበያ ደርሶ ከታየ፣ ወረዳውም አርሶ አደሩም የሚኮሩበት ሥራ ተሠርቷል ማለት ነው።